ባትሪው በደለኛ አልነበረም

ቤቴ በአምቦ ከተማ ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግን በጉደር ይገኛል። በሁለቱ መካከል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ፥ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ያገለገለች አንዲት ሞተር ቢስክሌት ገዝቼ በእርሷ እመላለሳለሁ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ያገኘኝን ነገር የምጽፈው፥ እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታቸው ያላቸው አንባብያን ከኪሳራ እንዲድኑ፥ ከዚያም ይልቅ እኔ ከወደቅሁበት ስሕተት እንዲጠበቁ ብዬ ነው።

አንድ ቀን የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም አምሽቼ ከጉደር ስነሣ ጨልሞ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድሁ የፊት መብራቷ እንደ ኩራዝ እየቀላ ሄደ፤ ቀጥሎም ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ፤ የእኔይቱ ሞተር ቢስክሌት የካንዴላዋን እሳት የምታገኘው ከባትሪ ነውና። በጨለማ እየገፋሁ ቤቴ ስደርስ፥ ባለቤቴና ልጆቼ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

በማግሥቱ ያለ ምርመራ «ባትሪው አርጅቷል» ብዬ ፈርጄ፥ ለቤት ከያዝሁት ገንዘብ ቀንሼ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እርሱም ባዶ ሆነ። በቍጣ ወደ ሱቁ ሄጄ የሸጠልኝን ወጣት በሰው ፊት «አሮጌውን ወልውለህ አዲስ ነው ብለህ ሰጠኸኝ» አልሁት። «ጋሼ፥ እርስዎ እያዩኝ አይደለም ወይ እሽጉን የከፈትሁት?» ቢለኝም አልሰማሁትም። ባለሱቁ ለእኔ ሌላ ባትሪ ሰጥቶ፥ ዋጋውን ከልጁ ደመወዝ እንደሚቈርጥ ነገረው። እኔም ፍርድ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመነጭ አስተምር ነበር። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ ማግኔት በሽቦ ጥቅልል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሞተር ቢስክሌት ዲናሞም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ይህን ሳስረዳ የራሴን ታሪክ ለምሳሌ ብነግራቸው፥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፥ ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን ለክተዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልለካሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ እንደ እንስራ የተቀዳለትን ይይዛል እንጂ ምንጭ አይደለም። ምንጩ ዲናሞው ነው። ከዲናሞው የሚወጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫው የሚመላለስ ስለሆነ፥ ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ከመጠን ያለፈውንም ይገታል። እንግዲህ እንስራው ባዶ ሆኖ ሲገኝ፥ እንስራው አፍስሶ፥ ምንጩ ደርቆ፥ ወይም ቦዩ ተደፍኖ ይሆናል። እኔ ግን ምንጩንና ቦዩን ሳላይ ሁለት ጊዜ እንስራ ለወጥሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የተዋስሁትን ቴስተር ይዤ ምርመራ ጀመርሁ። አስቀድሜ ሞተሩ ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቈየ በኋላ ባትሪውን ለካሁ። የ12 ቮልት ባትሪ በሚገባ ሲሞላ 12.6 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ያሳያል፤ 12 ካሳየ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። የእኔው 12.4 ነበር። ሁለተኛ ሞተሩን አስነሥቼ፥ መብራቱን አብርቼ፥ ነዳጅ ስሰጠው በባትሪው ጫፎች ላይ ልኩ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ ይገባው ነበር። እርሱ ግን 12.3 ላይ ቀረ። ከ15 ቢያልፍ ደግሞ ሬጉሌተሩ መግታት ተስኖታል ማለት ነው፤ ባትሪውንም አፍልቶ ያበላሸዋል። ሦስተኛ ፊዩዙን፥ የባትሪውን ጫፎችና ማሳውን፥ ማለት ከሞተሩ አካል ጋራ የሚያያዘውን ሽቦ፥ ተመለከትሁ፤ ደኅና ነበሩ። አራተኛ ሞተሩን አጥፍቼ ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ሽቦዎች ከስፒናቸው ነቀልሁ። ቴስተሩን ወደ ተመላላሽ ኤሌክትሪክ አዙሬ፥ ሞተሩን እንደገና አስነሥቼ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን ብለካ፥ ሦስቱም ልኮች እኩል ሆኑ፤ ሞተሩ ሲፈጥንም አብረው ጨመሩ። ሞተሩን አጥፍቼ ብፈትንም፥ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱም ከሞተሩ አካል ጋራ አልተነካካም። እንግዲህ ምንጩ አልደረቀም።

የቀረው ቦዩ ነው። ስፒናውን አገላብጬ ባየው፥ የክረምቱ ጭቃና ውኃ ገብቶበት ከሦስቱ መጋጠሚያዎች አንዱ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ ፕላስቲኩም ቀልጧል። የዛገ መጋጠሚያ ኤሌክትሪኩን ሲያግድ ይግላል፤ በጋለም ቍጥር የባሰ ይበላሻል። ስፒናውን በአዲስ ለውጬ ብለካ 14.1 አነበብሁ። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ባትሪው ባይሞላ ኖሮ፥ ሬጉሌተሩን የምጠረጥረው ያን ጊዜ ነበር።

ይህን ለሚሞክር ሰው ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ሽቦ አይንቀል፤ ሬጉሌተሩ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ እሳት አያቅርብ። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነም፥ ተንኖ የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨምር። በማዕድን ውኃችን የምንኰራ እኛ የአምቦ ሰዎች እንኳ ለባትሪ ልንሰጠው አይገባም፤ ለሰው የሚጣፍጠው ማዕድን ባትሪን ይጐዳልና።

ሰኞ ወደ ሱቁ ሄድሁ። በሰው ፊት የከሰስሁትን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የልጁ ደመወዝ እንዳይነካም የሁለተኛውን ባትሪ ዋጋ ለባለሱቁ ከፈልሁ። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና «ይሁን ጋሼ፤ ደግሞ ሲመጡ ለክቼ እሰጥዎታለሁ» አለኝ።

አንባብያን ሆይ፥ የተበላሸችው ስፒና ከአውራ ጣት የማትበልጥ ነበረች። ያችን ፈልጎ ለማግኘት ግማሽ ቀን በቂ ሆኖ ሳለ፥ እኔ ግን አስቀድሜ በእጄ አቅራቢያ ያገኘሁትን ባትሪና በፊቴ ያገኘሁትን ሰው ወነጀልሁ። በየቤታችን አንድ ነገር ሲጐድል ይህ ልማድ በብዙዎቻችን ላይ ይታያል። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ከምንጩ ጀምረን እንለካ።