የማትነቃነቀው ማነጣጠሪያ

ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ፣ ከሰሊጥ አጨዳ የተረፈኝን ጊዜ በገበያው ዳር ከሚሠሩ አንድ ሱዳናዊ ቀጥቃጭ ዘንድ አሳልፍ ነበር። ሽማግሌው ጎራዴና ጩቤ ይጠግናሉ። ሰው ትንሽ ብረት ይዞ መጥቶ «ይህችን እዚህ ላይ አጣብቁልኝ» ሲላቸው፣ ትንሿን ወደ ጎን አስቀምጠው ትልቁን ብረት በጥፍራቸው እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። «ያ ወለዲ፣ ትንሿ ብትወድቅ መልሰን እንለጥፋታለን፤ ትልቁ ከተበላሸ ምን ላይ ልንለጥፋት ነው?» ይሉኝ ነበር።

እኔ የማስበው ከድንበሩ ማዶ፣ አርማጭሆ ስለቀረችው የአያቴ ውጅግራ ነበር። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አንድ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ብቻ የምትጎርስ የፈረንሳይ ጠመንጃ ናት። እንግሊዞች በ1932 ዓ.ም. ለአርበኞች መሣሪያ ማደል ሲጀምሩ አያቴ እስከ ዶካ ወርደው ሌላ ጠመንጃ ተቀብለዋል፤ ውጅግራቸውን ግን አልጣሉም።

የፊት ማነጣጠሪያዋ በየጥቂት ዓመቱ ትወልቃለች። አባቴም የብር መስቀል ወደሚሠሩ አንጥረኛ ይወስዷታል። አንጥረኛው ቦታውን በሞረድ አጽድተው፣ በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ይለጥፏታል። ይህ ቅልቅል 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ብረት በሙቀት ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣው ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ እጅ የጠመንጃዋን ቱቦ ሳይነካ ሥራውን ይጨርሳል። በብሎን ማሰር ስስ የሆነውን ጫፍ መብሳት ነው። በኋላ በመጡ ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ማነጣጠሪያው በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል፤ ይህም እሳት የማይፈልግ ግሩም ዘዴ ነው፣ ነገር ግን ቦዩ ከመጀመሪያው ታስቦ መሠራት አለበት። በናስ መበየድ ይጠነክራል፤ ሆኖም 900 ዲግሪ ገደማ ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ ቱቦው ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ይጣመማልም።

በ1984 ዓ.ም. ወደ አገሬ ስመለስ ወንድሜ ጠመንጃዋን በኩራት አመጣልኝ። ማነጣጠሪያዋ እንደገና ወልቃ ኖሮ፣ አንጥረኛውም አርፈው ስለነበር፣ ከተማ ወርዶ በር ለሚበይድ ሰው ሰጥቷታል። ሰውየውም በኤሌክትሪክ በይዶለታል። ከማነጣጠሪያዋ ግርጌ የቀለጠ ብረት እንደ ኪንታሮት አብጧል። በአፈሙዟ ወደ ውስጥ ብመለከት የቱቦው ግድግዳ ልክ በዚያው አንጻር ሻክሮ ጠቁሯል። ሞርጄ ላስተካክል አሰብኩ፤ ሞረዱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የውጪው ቢስተካከል የውስጡ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ አልተተኮሰባትም።

ለወንድሜ የገዳሪፉን ሽማግሌ ነገር አውርቼለታለሁ፤ በትዕግሥት ሰማኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ጠመንጃዋን ከግድግዳው ያወርድና ማነጣጠሪያዋን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ «አያችሁ? አትነቃነቅም» ይላል።