መጋረጃ ያልተሳበበት መስቀለኛ መንገድ

በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ 38ኛው ጎዳና ከቺካጎ አቬኑ የሚገናኝበት ቦታ፣ ሱቅና የአውቶቡስ ፌርማታ ያለው ተራ ሰፈር ነው። ልዩ የሚያደርገው በመንገዱ መሃል የቆመው የተጨበጠ እጅ ሐውልትና ሰዎች ያኖሩት አበባ ነው። ልጄን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ከልጅ ልጄ ጋር በእግራችን ዞረን አየነው።

ጆርጅ ፍሎይድ ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚህ አስፋልት ላይ ተይዞ ሞተ። ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አንገቱን በጉልበቱ ተጭኖት ነበር። የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ግን የጤና እክል እንደገጠመው እንጂ ስለ ጉልበቱ አንድም ቃል አላነሳም። ዕድሜዬን የሕሙማን ካርድ ስሞላ ለኖርኩት ነርስ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያንገበግባል።

እውነቱን ያወጣችው የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር ናት። የ9 ዓመት ዘመዷን ይዛ ወደ ሱቁ ስትሄድ አየችና በስልኳ ቀረጸች። በዕረፍት ቀኗ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛም የልብ ምቱን ልይለት ብላ ብትለምን ተከለከለች። የቆሙት ሰዎች ጮኹ፣ ለመኑ፤ ሥፍራውን ግን ጥለው አልሄዱም።

«እማማ፣ ገፍትራ ለምን አላዳነችውም?» አለችኝ የልጅ ልጄ። «ልጅ ከታጠቀ ፖሊስ ጋር አትታገልም፤ የምትችለውን አደረገች» አልኳት።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በሚያጣጥር ሰው አልጋ ዙሪያ መጋረጃ እንስባለን። ታዲያ የሰው ጣር ይቀረጻል? መጋረጃው ለሟቹ ሲሆን ክብር ነው፤ ለበዳዩ ሲሆን መደበቂያ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ 3ኛው ፖሊስ ጣቢያ ተቃጠለ። በሌክ ስትሪት የስደተኞች ሱቆችና መድኃኒት ቤቶች ሳይቀሩ ወደሙ። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከዚያ የሚወስዱ አዛውንት ምን በደሉ? ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ሾቪን ጥፋተኛ የተባለው ቪዲዮው ታይቶ፣ እነዚያው ሰዎችም ችሎት ቀርበው መስክረው ነው።

ልጆቻችን ዛሬ ጠቡንም አደጋውንም ይቀርጻሉ። እንዲህ እንበላቸው፦ መጀመሪያ እርዳታ ጥሩ፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የቀረጻችሁት ለመሳቂያ ሳይሆን ለምስክርነት ይሁን።