የአዳማ ቤት፣ የአዲስ አበባ ሥራ

ደላላው የብረት በሩን ገፋ አድርጎ «ከዚህ ቦሌ አንድ ሰዓት ነው» አለን። አዳማም የራሷ ቦሌ አላት፤ እሱን ማለቱ ከሆነ አብዝቶታል።

ከባልና ሚስት ወዳጆቼ ጋር ቤት ልናይ የወጣነው እሑድ ነበር። ባልየው አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ይሠራል። የሦስት ዓመት ልጅ አላቸው። ለገጣፎን አይተው ዋጋው መለሳቸው፤ በኮንዶሚኒየም ዋጋ ግቢ ያለው ቪላ አዳማ ይገኛል ተብለው ነው የመጡት።

ፈጣን መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አዳማ ቀርባለች፤ ይህ አይካድም። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር፣ ባጃጅና ጋሪ የማይገባበት። ግን ጉዞው የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ከፍለው ሲወጡ ነው፤ ከፊት የቃሊቲ መጨናነቅ አለ። ቢሮ በሰዓቱ ለመግባት ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት የግድ ነው። ልጅህን ተኝቶ ትተኸው ትወጣለህ፣ ተኝቶ ታገኘዋለህ። እንዲህ የሞከሩት የብዙዎቹም መጨረሻ ያው ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይቶ አርብ ማታ በሚኒባስ መምጣት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም በአዳማ ያልፋል፤ ሠራተኛን ጠዋት አድርሶ ማታ የሚመልስ ግን አይደለም።

«ውሃው ከየት ነው?» አለች ባለቤቱ።

ደላላው ደረቱን ነፋ። «የራሱ ጉድጓድ አለው። ውሃ ጠፋ የሚባል ነገር እዚህ የለም!»

ውሃ በፈረቃ ለለመደ ሰው ይህ ብስራት ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ሲባል ፍሎራይድ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከዚያ እጥፍ ድርብ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ማፍላት ምንም አይፈይድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ፍሎራይዱ ይበረታል። የሚብሰው በሕፃን ነው፤ የቋሚ ጥርስ ሽፋን የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ገደማ ነውና። ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመሩባት ወንጂ እዚያው ጎረቤት ናት። እዚያ ካደጉት የብዙዎቹ ጥርስ ላይ ቡናማው ቀለም ቀርቷል፤ ከፋብሪካው ሠራተኞች መካከል አጥንታቸው ድረስ የዘለቀባቸውም አሉ።

የአዳማ የቧንቧ ውሃ ግን ቆቃ ላይ ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎና ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ በዚህ በኩል የወንዝ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ይሻላል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ መሃል ከተማ ያለ ቧንቧ የገባለት አሮጌ ቤት፣ ዳር ካለው ባለ እብነ በረድ ቪላ ይበልጥብኛል።

የቀረው ይለመዳል። ኮረብታው ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች የቆሙት በከንቱ አይደለም፤ በበጋ ያው ነፋስ አቧራውን ሳሎን ያስገባዋል። ወባ ስላለ አጎበር ይገዛል። ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስላለች በክረምት ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚያልፍ ጎረቤት መጠየቅ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ኦሮምኛ መማሩ ደግሞ ትርፍ ነው።

ቢሾፍቱስ? መንገዱን በግማሽ ያሳጥረዋል፣ ሐይቆቹም አሉ፤ የአቡሴራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከተወራ ወዲህ ግን ከባለ መሬት ጋር መነጋገር ከባድ ነው። ሞጆን በቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ምክንያት መስኮት ዘግተን አለፍናት።

ባለቤቱ ከቦርሳዋ ባዶ ሃይላንድ አውጥታ የግቢውን ቧንቧ ከፈተች። መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ።

«ላስመረምረው ነው» አለችው።

«ኧረ እህቴ፣ እኛም እኮ የምንጠጣው ይህንኑ ነው!» ብሎ ሳቀ ደላላው። ሦስታችንም ሳናስበው ጥርሱን አየን።

10 ሰዓት ላይ ተነሳን። ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ 50 ደቂቃ፣ ከዚያ ቦሌ ለመድረስ 75 ደቂቃ ፈጀብን፤ ያውም በእሑድ። ልጁ ሃይላንዱን እንደታቀፈ ተኝቶ ነበር።