«ክትትል ይደረግ»

ዘበኛውም ጸሐፊዋም እኩል የሚያውቋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ባለጉዳይ ሆናችሁ የማታውቁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማንም የለም አይደል? ደረጃው ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ የተዘጋውን በር እያያችሁ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ቢያወሩ ነው ይህን ያህል የሚቆዩት ብላችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ከበሩ ወዲያ ነበርኩ። ምን እንደሚያወሩ አውቃለሁ። እጽፈው ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመረቅሁ። ሬዲዮ ላይ ድምፄን፣ ጋዜጣ ላይ ስሜን እያሰብኩ ስጠብቅ፣ ጥቅምት 2011 ላይ የተገኘው ሥራ እዚያው ያደግሁባት ወረታ ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። የተቀጠርኩት ለሕዝብ ግንኙነት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? መጻፍ አያቅትሽም» ተባልኩና የቃለ ጉባኤ ደብተሩ ተሰጠኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የተማርኩት ለካ «ስብሰባው ከጠዋቱ 2፡30 ተጀመረ» ብዬ ለመዋሸት ኖሯል። (2፡30 ተጀምሮ አያውቅም። ቶሎ ከተባለ 3፡20 ነው። «ኮረም ይሙላ» ሲባል የመጡት ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ፤ ያልመጡት ሲመጡ ደግሞ የወጡት ይፈለጋሉ።)

ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1957 እ.ኤ.አ ባወጣው መጽሐፍ አንድ ኮሚቴ ላይ ያሾፋል። ኮሚቴው የአቶሚክ ኃይል ማመንጫውን በሁለት ደቂቃ ተኩል አጽድቆ፣ ለሠራተኞች ብስክሌት ማቆሚያ 45 ደቂቃ ይከራከራል። ማመንጫ ማንም አይገባውም፤ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ግን ሁሉም አስተያየት አለው። ሰውዬው ወረታን ሳያያት ነው ይህን የጻፈው። የእኛ ብስክሌት ማቆሚያ ሻይ ነበር። የእንግዳ ሻይ በማን በጀት ይያዝ በሚለው ላይ አንድ ሰኞ ሙሉ ጠዋት አልቋል። ስኳር ሳይቀር በቃለ ጉባኤ ገብቷል።

የመዝገብ ክፍሉ ጣሪያስ? እሱ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳው ጥር ላይ ነው። ቆርቆሮው በአንድ ጥግ ተነስቷል፣ ክረምት ሳይገባ ይታይ ተባለ። እኔም ጻፍኩ፦ «አስፈላጊው ክትትል ይደረግ።» መጋቢት ላይ እንደገና ተነሳ፦ «በሚመለከተው አካል ትኩረት ይሰጠው።» ግንቦት ላይ፦ «አቅጣጫ ተቀምጧል።» ሰኔ ላይ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ለአራተኛ ጊዜ አነሳችው፤ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን አይተው «ይህ እኮ የተወሰነ ጉዳይ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስት ጊዜ ተወስኗል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። «ይደረግ» ምን ዓይነት ቃል ነች! ማን ያድርግ? አይታወቅም። መቼ? አይታወቅም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሙሉ ነው፤ ሰዋስው አልተጓደለም፤ ለጆሮም ያምራል። በዩኒቨርሲቲ «የዜና መጀመሪያው ማን፣ ምን፣ መቼ» ብለው አስተምረውኛል። ከተማ ውስጥ እሳት ቢነሳ እጠይቀው የነበረውን ጥያቄ በገዛ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ያቺን «ይደረግ» ማንም አላዘዘኝም፤ ከበፊቱ ደብተር ቀድቼ በእጄ የጻፍኳት እኔ ነኝ።

የፎገራን ክረምት የማታውቁ ካላችሁ፣ ርብና ጉማራ ከምሥራቅ ደጋው ወርደው ጣና ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ይንቧቸራሉ። ድሮ በላም የሚታወቀው ያ ረግረግ ዛሬ ሩዝ በሩዝ ነው፤ ነሐሴ ላይ ከመንገዱ ዳር ስታዩት ሰማዩ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስላል። ሲብስበት ደግሞ አይምርም። በ1998 ዓ.ም ክረምት ውሃው ሰፈር አፈናቅሏል፤ ልጅ ብሆንም ወሬውን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ወረታ ውስጥ «ዝናብ ድንገት መጣብን» የሚል ሰው አይታመንም።

ነሐሴ 2011 አንድ ሌሊት ዘነበ። ጠዋት የመዝገብ ክፍሉን ስንከፍተው የታችኛው መደርደሪያ እንደ ራሰ እንጀራ ተጣብቋል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አንድ በአንድ ስንላቅቅ ዋልን። ቀለሙ የሄደ ሄደ።

መስከረም ላይ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ሞተው፣ ከባል ወንድም ጋር በግማሽ ጥማድ የሩዝ ማሳ ድንበር ይካሰሳሉ። ከዓመታት በፊት በሽማግሌ ፊት የተፈራረሙበት ወረቀት እኛ ጋ ፋይል ውስጥ ነበር። አሁንም አለ፤ ግን ሰማያዊ እድፍ ነው። «እማማ፣ ምስክሮቹን ይዘው ቢመጡ እንደገና ይጻፋል» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ መተማ ሄዶ ቀርቷል። የቀረው የባሌ ወንድም አማች ነው» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማን እንዳጠፋው ሳይጠይቁ፣ ደረጃው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ቢጠይቁኝ ምን እል ነበር? ደብተሩን ገልጬ «የሚመለከተው አካል» ነው እላቸው ነበር?

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የእድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ ፊርማዋ ሦስት መስመር ይፈጃል። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች፣ ትንሽ ኩራት ብጤ እየተሰማት። እውነት ነው፣ የለም። በወር አንድ እሁድ ነው የሚሰበሰቡት። የዘገየ ይቀጣል፤ የቀረ ይበልጥ ይቀጣል፤ እናቴ ራሷ ተቀጥታለች። ስንት አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ የተሰበረውን እትዬ እገሊት እስከ ቅዳሜ ታሠራ፣ አለቀ። ስም ይጠራል፣ ቀን ይጠራል። ለምን እንደዚህ እንደሚጠነክሩ ስጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝ። «ሰው ሲሞት ድንኳኑ ካልተገኘ ለቀስተኛውን የት ልናስቀምጥ ነው?»

በጥቅምት ደግሞ እንግዳ ይዤ አውራምባ ሄድኩ። ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ ቅርብ ነው፤ እዚህ ተወልጄ የሄድኩት ግን ያኔ ነው (ፈረንጅ ከሩቅ ይመጣል፣ እኛ በታክሲ አንሄድም)። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም የጀመሩት ማኅበረሰብ ነው፤ ወንዱ የሚጋግርበት፣ ሴቷ የምታርስበት እየተባለ የሚወራለት። እኔን የያዘኝ ግን እንጀራው አልነበረም። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሰበሰባል፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። ማን የድርሻውን ሠራ፣ ማን ጎደለበት ይባባላሉ፤ ልጅ አባቱን ይገመግማል። ግምገማ የሚለው ቃል እኛ ቢሮ ሲነሳ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ያስጠጋል። ያስጎበኘን ሰው «ልጁ ‘አባባ እንዲህ እሠራለሁ ብለህ ነበር’ ካለ አባት ምን መሸሻ አለው?» ብሎ ሳቀ። ስለ ማኅበረሰቡ ብዙ ይባላል፣ ሁሉም ነገር እንደሚወራው መሆኑን በአንድ ቀን ጉብኝት አልመሰክርም። ያቺን ጥያቄ ግን በኪሴ ይዤ ተመለስኩ።

የሚቀጥለው ሰኞ ጣሪያው እንደገና ተነሳ። «ክትትል ይደረግ» ተባለ። እስክሪብቶዬን አንስቼ «ማን ብዬ ልጻፍ?» አልኩ። ዝምታ። «መቼስ ብዬ?» አንዱ «አንቺ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለኝ። የግዥ ባልደረባው ስማቸው እንዳይገባ ተከራከሩ፤ «ስም ሲጻፍ ክስ ይመስላል» አሉ። ሰብሳቢያችንም ተቆጡ፤ ከጸሐፊ ወንበር ላይ ሆኜ ሰብሳቢ የምሆን መስሏቸው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ ግን አንድ ስምና «እስከ ኅዳር 5» የምትል ቀን ተጻፈች። በቀጣዩ ስብሰባ ሌላውን አጀንዳ ሳልጽፍ መጀመሪያ እሷን አነበብኩ። ባለ ስሙ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው በአራተኛው ቀን ተመታ። አሥር ወር የተሰበሰብንበት ጣሪያ፣ ሁለት ሠራተኛና የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ሁሉ ተስተካከለ ልላችሁ አልችልም። ስብሰባው 3፡20 ከመጀመር አልተላቀቀም። ሻዩም እንደ ሻይነቱ ቀጠለ። እኔ ከዚያ በኋላ ያመጣሁት ለውጥ ቢኖር «ይደረግ» የምትለውን ቃል ከደብተሩ ማስወጣትና በሦስት ባልደረቦች መጠላት ነው።

እማማን ጥር ላይ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። መተማ የነበረው ምስክር ለጥምቀት መጥቶላቸው ይዘውት መጥተዋል፤ ሰውየው ከጎናቸው ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል። ቀና ብለው አዩኝና «ዛሬስ ስብሰባ የለም?» አሉኝ።

ሰኞ ነበር። ነበረ። ደብተሩን ለጸሐፊዋ ሰጥቼ፣ እሳቸውን ይዤ ወደ መዝገብ ክፍል ገባሁ።