የእግር ነገር

ሰው ሙዚቃ ሲሰማ እግሩን ማየት እወዳለሁ። ፊት ይሉኝታ ያውቃል፤ እጅም ጭን ላይ ተጣምሮ ይቀመጣል። እግር ግን የልቡን ይናገራል። ጫማ ውስጥ አውራ ጣት ብድግ ቁጭ ማለት ስትጀምር ዜማው ሰውየው ዘንድ መድረሱን አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ በስልኬ አንድ አጭር ፊልም ከፈትሁ። ክሌማን ኮዢቶር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2017 በፓሪሱ ባስቲይ ኦፔራ መድረክ ላይ የቀረጸው ነው። ሙዚቃው የዣን-ፊሊፕ ራሞ ነው፤ የባሮክ ዘመን ሥራ፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው። የሚጨፍሩበት ግን የዘወትር ልብሳቸውን የለበሱ የመንገድ ዳንስ ልጆች ናቸው። ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዱ መሀል ይገባል፤ ክንዱን ይወነጭፋል፣ ደረቱን ገፋ መለስ ያደርጋል፣ መሬቱን ይረግጣል። ዙሪያውን የከበቡት በጩኸት ያበረቱታል።

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችና፣ «እነዚህ ልጆች ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች።

የምሯን ነው። ደረት እንዲህ ሲናወጥ ያየችው ለቅሶ ቤት ነው። እኔም ነገሩን ሳስበው አልተሳሳተችም። ጭፈራው ክረምፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር የተወለደ ነው። ወጣቶቹ ቁጣቸውንም ሐዘናቸውንም የሚያወጡበት ነው። ላየው ጠብ ይመስላል፤ ግን ማንም ማንንም አይጎዳም። ያ ሁሉ ኃይል ተወርውሮ አየር ላይ ይቀራል።

የዜማው ታሪክ ደግሞ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1725 ከሰሜን አሜሪካ፣ ከያኔዋ የፈረንሳይ ሉዊዚያና የመጡ ሁለት የነባር ሕዝብ ተወላጆች በፓሪስ ቴአትር ቤት ጨፈሩ። ራሞ አያቸው። ያየውን ይዞ ቤቱ ገባና ፒያኖ መሰል ለሆነው ሃርፕሲኮርድ ዜማ ጻፈ። ስሙን ግን «የዱር ሰዎች» አለው፤ የዘመኑ ንቀት ስሙ ላይ ቀረ። ቆይቶም ዜማውን «ሌ ዛንድ ጋላንት» በተባለው ኦፔራው ውስጥ በ1736 ጨመረው። ቦታውም የሰላም ፒፓ የሚጨስበት ጭፈራ ሆነ። እንግዲህ ዜማው ከመጀመሪያው የተወለደው ከእግር ነው። የሁለት እንግዳ ሰዎች እርምጃ ነው ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ወረቀት የሄደው።

ባሮክን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር ማቀናጀት ሲነሣ «ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ማን እንደለያያቸው ነው የምጠይቀው። የባሮኩን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ሁለተኛውን የቫዮሊን ፓርቲታ ብንወስድ አምስት ክፍል አለው፤ አምስቱም የጭፈራ ስም ነው። ከእነርሱ አንዱ ሳራባንድ ነው። ዛሬ ሲሰማ እንደ ጸሎት የረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1583 ግን ስፔን ውስጥ «ነውር ነው» ተብሎ ታግዶ ነበር። የመንገዱ ጭፈራ ቀስ በቀስ ቤተ መንግሥት ገባ፣ ካባ ለበሰ፣ እርምጃውን አዘገየ። ክረምፕ ባስቲይ መድረክ ላይ ሲወጣ የሄደው በዚያው ጥንት በተከፈተ በር ነው።

እግር ካነሣን ሉሊን ማለፍ አይሆንልኝም። ዣን-ባቲስት ሉሊ የሉዊ አሥራ አራተኛ የሙዚቃ አለቃ ነበር፤ ወጣት ሳለ ከንጉሡ ጋር አብሮ ጨፍሯል። ሙዚቃ ሲመራ በረጅም በትር ወለሉን እየመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 አንድ ቀን በትሩ የእግሩን ጣት መታው። ቁስሉ መረቀዘ። ዳንሰኛ ነኝና እግሬ አይቆረጥም አለ ይባላል፤ በዚያው ሞተ።

ስለዚያ በትር ባሰብሁ ቁጥር የማኅሌት መቋሚያ ይታየኛል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲዘምሙ ቃሉ፣ ዜማውና ንቅናቄው አንድ ናቸው። ይህ ዝማሬ ነው፣ ያ ሽብሸባ ነው ብሎ የሚነጣጥል የለም። ወረብ ቆሞ ያየ ሰው፣ ዘፋኝና ዳንሰኛ አንድ መድረክ ላይ ቢያገኝ የሚገርመው አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይኸው የራሞ ኦፔራ ሙሉውን ባስቲይ ላይ ቀረበ። ጭፈራውን ያቀናበረችው ቢንቱ ደምቤሌ ናት፤ ሙዚቃውን የመራው ሊዮናርዶ ጋርሲያ አላርኮን። ዘፋኞችና ዳንሰኞች አንድ መድረክ ተካፈሉ። ከዚያ በፊትም ጀርመናዊቷ የዳንስ አቀናባሪ ሳሻ ዋልዝ በ2005 የፐርስልን ኦፔራ «ዳይዶና ኤኒያስ» ስትሠራ፣ ንግሥት ዳይዶን ዘፋኝም ዳንሰኛም ተካፍለው እንዲሆኗት አድርጋለች። አንዱ ሐዘኑን በጉሮሮ ሲያወጣ ሌላው በወገብና በእግር ይሸከመዋል። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ አንዳንድ ሐዘን ለአንድ አካል ብቻ ይከብዳል።

የራሞ ዜማ ሮንዶ ነው። ዋናው ዜማ ይመጣል፣ ሌላ ይገባል፣ ዋናው ይመለሳል፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ዋናው። ዋናው የሚመጣው ሦስቴ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደማለት ነው፤ ቡናው ያው ሆኖ በየዙሩ የሚያቃምሰው ሌላ ነው።

ፊልሙ አልቆ ስልኬን ላስቀምጥ ስል እናቴ ጀበናውን እንደገና እሳት ላይ ጥዳ ነበር። «እስኪ ድገሚው» አለችኝ። ደገምሁት። ልጆቹ ክብ ሠሩ፤ ከበሮው ገባ። በዚህኛው ዙር ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ከዱካዋ ሥር፣ ቄጠማው ላይ፣ ተረከዟ መሬቱን ቀስ እያለች ትመታ ነበር።