ስለ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተርና ስለ ኃይሏ መጠን

ባለፈው ግንቦት በቤታችን የደረሰውን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንገልጽ ያሰብነው፥ ነገሩ ከአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር የተነሣ ቢሆንም፥ በገዛ ልጃችን ላይ ያለ ማስረጃ እስከ መፍረድ ስላደረሰን ነው። እኛ በልደታ በሚገኝ ፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍና ስናገላብጥ ብዙ ዓመት የቆየን ነንና፥ ይህ ስሕተት ከሌላው ሰው ይልቅ በእኛ ይከፋል።

ልጃችን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። ለመመረቂያዋ የምታቀርበውን ንድፍ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ብርሃንና ጥላ ሰጥታ እንደ ፎቶግራፍ አድርጋ ማውጣት ነበረባት። የቤታችን ኮምፒውተር ግን ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ያገለገለች፥ አርጅታ ስትሸጥ የገዛናት ትንሽ ሳጥን ስለሆነች፥ አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ሌሊቱን ሙሉ ትፈጅ ነበር። ግራፊክስ ካርድ ቢጨመርላት ሥራው እንደሚፈጥን ልጃችን ባስረዳች ጊዜ፥ ባለቤታችን በሚያዝያ የእቁብ ዕጣ ደርሷት ነበርና ለመጋረጃ ያሰበችውን ገንዘብ አንሥታ ሰጠች።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ፥ ባቡሩ በአናታችን ላይ በድልድዩ እያለፈ፥ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ በእግራችን ወረድን። (የሜክሲኮ መንግሥት በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ በመሆኑ፥ አደባባዩ በስሙ መጠራቱን ወጣቶች ሁሉ ያውቁ ይሆን እያልን ባለፍን ቍጥር እናስባለን።) ከገባንበት ሱቅ ያገኘነው ባለሱቅ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፥ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ጠየቀን። 240 የሚል ቍጥር በላዩ ማየታችንን ነገርነው። እርሱም «ፕሮሰሰሩ 77፥ ይህ ካርድ 120፤ ሲደመር 197 ነው፤ ይበቃል፥ ይተርፋልም» አለን። እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማርን ነንና፥ የተደመረ ነገር ስንሰማ ልባችን ቶሎ ያምናል። ካርዱ ጂቲኤክስ 1060 የሚባለው፥ በ2008 ዓ.ም. የወጣው ነው። ባለ ስድስት እግር ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚፈልግ ሲሆን በእኛ ኮምፒውተር ውስጥ ይህ ገመድ ስላልነበረ፥ ባለሱቁ ከዲስኩ ገመድ ላይ የሚቀጠል አዳፕተር ጨመረልን።

ካርዱ በገባ ማግሥት ኮምፒውተሯ ደኅና ሆና ዋለች። ማታ ግን ልጃችን ሥዕሉን ማውጣት በጀመረች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድርግም ብላ ጠፋች። እኛም «መብራት ነው» አልን፤ በአዲስ አበባ ከዚህ የቀለለ ምክንያት የለምና። ከደመወዛችን ቆርሰን ስታብላይዘር ገዛን። እንደገና ጠፋች። ልጃችን «አባባ፥ አምፖሉ እኮ አልጠፋም» ብትለን አልሰማናትም። የሁለት ሌሊት ሥራዋ በጠፋ ጊዜ ደግሞ፥ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ጨዋታ እየተጫወተች እቃውን የምታቃጥለው እርሷ ናት ብለን በእናቷ ፊት ተቈጣን። አንዲት ቃል ሳትመልስ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ደብተር በጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ አገኘን። ኮምፒውተሯ የጠፋችበትን ቀንና ሰዓት፥ በዚያም ጊዜ ምን ትሠራ እንደነበረ በተራ በተራ ጽፋዋለች። ዘጠኝ ጊዜ ጠፍታለች፤ ዘጠኙም ጊዜ ሥዕል በማውጣት ላይ ሳለች ነው። ጽሑፍ ስትጽፍና ፊልም ስታይ አንድ ጊዜ ስንኳ አልጠፋችም። በመሥሪያ ቤታችን ከዚህ የጠራ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ጥቂት ነው።

በማግሥቱ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ባልንጀራችንን ይዘን መጣንና ሳጥኗን ከፍተን፥ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በመነጽር አነበብነው። 240 ዋት የሚለው የሁሉም ድምር ነው፤ ከበታቹ ግን ለየመሥመሩ የተመደበው ለብቻ ተጽፎአል። በ12 ቮልቱ መሥመር 16 አምፔር ይላል። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት እንደሚሆን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሰን ብናባዛ 192 ሆነ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ ኃይላቸውን የሚወስዱት ደግሞ ከዚሁ መሥመር ነው፤ የሁለቱም ድምር 197 ነው፤ ማራገቢያውና ዲስኩ ገና አልተቈጠሩም። አንድ ቤት በወር 240 ብር ቢኖረውና ለእህል የተመደበው 192 ብቻ ቢሆን፥ የ197 ብር እህል ለመግዛት የተነሣች የቤት እመቤት ምን እንደሚገጥማት የዚህ ገጽ አንባቢዎች ያውቁታል። በዚህም ላይ ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ የሚስብበት ጊዜ አለ፤ ፓወር ሰፕላዩም አሮጌ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አቅም ቢኖረውም፥ በዚያች የብረት ሳጥን በኩል የሚያልፈው ግን ያው ሳጥኗ የምትችለው ብቻ ነው።

ባልንጀራችን አዳፕተሩን ባየ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ደነገጠ። የዲስክ ገመድ መሰኪያ በ12 ቮልት የተሠራው ለ54 ዋት ያህል ሲሆን፥ ባለ ስድስት እግሩ ግን እስከ 75 ዋት ሊያሳልፍ የሚገባው ነው፤ ስለዚህ መሰኪያው ግሎ ሊቀልጥ ይችል ነበር። በልጃችን መኝታ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ የነበረ ነውና፥ ይህን ስንሰማ ያደረብንን ስሜት አንጽፈውም።

ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ለመተካት አሰብን፤ ነገር ግን የእንደዚህች ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ሳጥንና መሰኪያ ልዩ ስለሆነ በገበያ ያለው አልገባ አለ። የቀረው መንገድ ካርዱን ለኮምፒውተሯ አቅም መመጠን ነው። ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ እስከ 75 ዋት እንዲሰጥ የተደነገገ ነው፤ ከዚያ ያነሰ የሚሰጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮችም ስላሉ የሠሪውን ወረቀት ማየት ይገባል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ብቻ ይፈልጋል፤ ከእርሱም ውስጥ ተጨማሪ መሰኪያ ያለበት ስላለ የሌለበትን መረጥን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ነው፤ ዋጋው ግን ከእቁቡ በላይ ሆነ። 77ና 75 ሲደመር 152፤ ለማራገቢያና ለዲስክ 40 ዋት ተረፈ። ባለሱቁ የፊተኛውን ካርድ ጥቂት ቀንሶ መልሶ ተቀበለን። አልተቀየምነውም፤ ድምሩ ትክክል ነበር፤ የትኛውን ቍጥር ማየት እንደሚገባ ግን እርሱም እኛም አላወቅንም።

አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን ብዙ አይታይም። እኛ ግን ያን ማታ ጠርተን መሳሳታችንን ነገርናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ «አባባ፥ ደብተሩን በዚያ በተቈጡ ቀን ብሰጥዎ ኖሮ ያነቡት ነበር?» አለችን። መልስ አጣን።

በዚያው ሌሊት ሥዕሉን ማውጣት ጀመረች። እኛም በርጩማ ስበን አጠገቧ ተቀመጥን። ማራገቢያው ጮኸ፤ ኮምፒውተሯ ግን አልጠፋችም። ልጃችን ድካም አሸንፏት በጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሥዕሉ እስኪያልቅ ጠበቅንና ቀሰቀስናት።