ከምረቃ እስከ ምርቃና

አማርኛ ክፉ ቀልድ ይችላል። «ምረቃ» እና «ምርቃና» እንዲህ ተጠጋግተው የተቀመጡት ለዋዛ አይመስለኝም። ድሬዳዋ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ገዋን ለብሰህ፣ አበባ ታቅፈህ ፎቶ ትነሳለህ። መስከረም ሲጠባ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለህ፣ ከአወዳይ የመጣ ጫት ይዘህ፣ ልታቋቁመው ስላሰብከው ድርጅት ለአራት ጓደኞችህ ታስረዳለህ። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ድርጅቱም አብሮ ይፈርሳል። በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ይቋቋማል።

እኔ በ2011 ዓ.ም. ነው በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቅኩት። ዛሬ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ግን «እንዴት ተሳካልኝ» የሚል ታሪክ አልጽፍም፤ እሱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የምጽፈው መሃል ላይ ስላለው፣ ስም ስላጣሁለት ጊዜ ነው። ጎረቤት «ስንፍና» ይለዋል። እናቴ «ዓይን ነው» ትል ነበር።

እስቲ አስቡት። ከልጅነታችን ጀምሮ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሌላ ሰው ጋ ተጽፎ ነው ያለው። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ በእኛ ጊዜ 10ኛ ማትሪክ፣ 12ኛ መግቢያ ፈተና። የት እንደምትማር ትምህርት ሚኒስቴር ይመድብሃል። እኛ ደግሞ የሰባ ሠላሳ ልጆች ነን፤ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ በሚለው ፖሊሲ የተከፋፈልን። ፊዚክስ ላይ ደህና ነጥብ ካለህ ኢንጂነር ነህ፣ አለቀ። በ17 ዓመት ውስጥ «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» ያለኝ ሰው አላስታውስም። ጠያቂም አያስፈልግም ነበር፤ ሐዲዱ ላይ እስካለህ ድረስ መሪ አትይዝም።

ሐዲድ ካነሳሁ አይቀር፣ የከተማችን አፈጣጠርም ይኸው ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በመጀመሪያው ዕቅድ ሐረር መድረስ ነበረበት። ተራራው ከበደው፣ ከተራራው ሥር ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚያው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ገንዘብ አጥሮ፣ ኩባንያው ተቸግሮ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬ ለዓመታት የመጨረሻ ጣቢያ ሆና ኖረች። ዛፍ የተተከለበት ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ያለው መጋላ፣ ሁሉም ሐዲዱ ካቆመበት ቦታ የበቀለ ነው። ከተማዬን እንዲህ ማየት የጀመርኩት ግን ቆይቼ ነው፤ ያኔ ጭንቅላቴ ለታሪክ ቦታ አልነበረውም።

ያኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እነቃለሁ። ስልኬን አነሳለሁ። ክፍት የሥራ ቦታ፣ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚለውን እፈልጋለሁ፤ ሲገኝ ደግሞ «ዋናውንና ኮፒውን ይዘው በአካል ቀርበው» ይላል። በአካል ማለት አዲስ አበባ ማለት ነው፣ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ መንገድ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሁለተኛው፣ ለሁለት ሰው ቦታ ግቢው በተመራቂ ተሞልቶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ አያለሁ፣ ስክሪንሾት አነሳለሁ፣ አልሄድም። በ6 ሰዓት ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ያዘጋዋል፤ ሥራ ያለውም የሌለውም እኩል ጥላ ይፈልጋል። ድሬ ለሥራ ፈት ደግ ናት፤ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ማንም አያውቅብህም። አቦ፣ እሷ ሦስት ሰዓት ዕረፍቴ ነበረች።

ዳንኤል ሜይንስ የሚባል አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጅማ ተቀምጦ ሥራ ፈት ወጣቶችን አጥንቷል። የመጽሐፉን ርዕስ «ሆፕ ኢዝ ከት» ብሎታል፤ የእኛኑ «ተስፋ ቆረጠ» ቃል በቃል ገልብጦ። ልጆቹ ያጡት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጊዜ ተረፋቸው፤ የተረፈው ጊዜ ሐሳብ ይሆናል፣ ሐሳቡ ይጫናል፣ ጫትና ፊልም ይገፉታል። የተገኘውን ሥራ እንዳይሠሩ ደግሞ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ሳነበው ጅማ ሳይሆን የኛ በርጫ ቤት መሰለኝ። በአንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም፤ ይሉኝታው የወጣቱ ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩም ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ በተመረቀ በስድስተኛ ወሩ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። «ለዚህ ነው 5 ዓመት የተማረው?» ያሉት ራሳቸው ተሳፋሪዎቹ ናቸው። እሱ ግን ከሁላችንም በፊት ፊቱ የተፈታ ሰው ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ልጆች በር ላይ ቆመው ይጠብቁታላ።

እኔን ያስነሳችኝ ታይዋን ገበያ የምትነግድ ጎረቤታችን ናት። «ኢንጂነር፣ ያ ትምህርትህ ዱቤ መቁጠር ይችላል?» አለችኝ። የዱቤ ደብተሯ ውሃ ጠጥቶ ግማሹ ጠፍቶባታል። በኢንተርኔት ስለማመደው የነበረ ኮድ ነበረኝ፤ ሦስት ኮርስ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ለእሷ የሠራሁት ነገር አስቀያሚ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ስም ካለው ዕዳቸውን ይደምራል። ማታ ሱቅ ስትዘጋ «እሺ፣ የዛሬውስ?» ትላለች። የምሽቱ «የዛሬውስ» ነው ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ። ሞቲቬሽን የሚሉት ነገር ከውስጥ ሲመነጭ አላየሁም፤ እኔ የማውቀው አንዲት ሴት ሱቅ በር ላይ ቁልፍ ይዛ ቆማ ስትጠብቅ ነው።

ሥራ ይዤም ባዶነቱ ጨርሶ አልሄደም። አንዳንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲጠና፣ ኮዱ ፊት ለፊቴ ተከፍቶ ያ ጊዜ ይመጣል፤ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

ከክፍላችን ትልቁን ነጥብ ያመጣው ልጅ ግን አሁንም ፍራሹ ላይ ነው። ፈተና ላይ ከጎኑ ለመቀመጥ የምንጋፋለት ልጅ። ባለፈው እሁድ ሄጄ ጠየቅኩት። ስለ ሥራዬ ምንም አላለም፤ ስልኬ ሲጮህ አይቶ «አንተ እኮ ሰዓት አለህ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የጎረቤታችን እህት ሳቢያን ሱቅ አላት፤ እሷም የዱቤ ፕሮግራም ትፈልጋለች፣ ጊዜ የለኝም ብያት ነበር። ቁጥሩን ሰጠሁት። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ትጠብቅሃለች አልኩት።

«የኢትዮጵያ 2 ነው የፈረንጅ?» ብሎ ሳቀ። ጠዋት ከተነሳ ዓመት ሆኖታል።